የባለ ሸንተረር መስታወት ቡፌ፦ የ11 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ልኬት

የምሠራው ዝቅ ያለ ቡፌ ነው። ርዝመቱ 1600፣ ጥልቀቱ 420፣ የሣጥኑ ቁመት 480 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከክብ ቱቦላሬ (የብረት ቱቦ) በታጠፉ ሁለት እግሮች ላይ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ ሌላ መለኪያ ካልጠቀስኩ በስተቀር ቁጥሩ ሁሉ ሚሊ ሜትር ነው። በግራ ያለው ሰፊ ክፍል በሁለት ተንሸራታች ባለ ሸንተረር መስታወቶች ይዘጋል፤ በቀኝ ያለው ጠባብ ክፍል ደግሞ ከጀርባው ቀለም የተቀባ መስታወት በተለጠፈበት አንድ በር ይዘጋል። ከዚህ ውጭ ጌጥ የለውም፤ የተቀረጸ ጠርዝም ሆነ የሚታይ እጀታ አይኖረውም።

ባለ ሸንተረር መስታወት የመረጥኩት ብርሃን እያሳለፈ ዕቃውን ስለሚሸፍን ነው። የሚሠራው ቀልጦ ገና ለስላሳ ሳለ በሁለት ጥቅልሎች መካከል እንዲያልፍ ተደርጎ ሲሆን፣ ከጥቅልሎቹ አንዱ ቅርጹን ያትምበታል፤ ስለዚህ አንዱ ገጽ ሸንተረር ሲኖረው ሌላው ለስላሳ ይሆናል። ብርሃን የሚያስገባ፣ እይታን ግን የሚጋርድ መስታወት በዘመናዊ ንድፍ ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። ዲዛይነሩ ፒየር ሻሮ እና አርክቴክቱ በርናርድ ቢይቩት እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1932 ፓሪስ ውስጥ የሠሩት «የመስታወት ቤት» አንድ ሙሉ ፊቱ በእንዲህ ያለ የመስታወት ጡብ የተሞላ ነው። የእኔው በር ከዚያ ጋር የሚነጻጸር ባይሆንም የሚሰጠው አገልግሎት አንድ ነው።

ሣጥኑን የምሠራው ባለ 18 ውፍረት ኮምፔንሳቶ ላይ ስስ የዋልነት ቬኒር (የእንጨት ልባጥ) ከተለጠፈበት ገበታ ነው። ከ1600 ላይ የሁለቱ ጎኖችና የመካከለኛው ግድግዳ ውፍረት፣ ማለትም 54፣ ሲቀነስ 1546 ይቀራል። ይህንንም 1030 ለግራው፣ 516 ለቀኙ ብዬ ከፈልኩት። የውስጥ ቁመቱ 444 ነው።

ሳምንት 2፦ ቆረጣና ማጣበቅ

አራቱ ማዕዘኖች በ45 ዲግሪ ተቆርጠው ይገጥማሉ፤ የኮምፔንሳቶው ንብርብር ከውጭ እንዳይታይ የፈለግሁት እኔው ነኝ፤ ዋጋውንም እኔው ከፈልኩ። በመጀመሪያው ቆረጣ ቬኒሩ በመጋዙ መውጫ በኩል ተሰነጣጥቆ ተነሣ፤ አንድ የጎን ገበታም ከጥቅም ውጭ ሆነ። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የመጋዝ ክብ ገጥሜ፣ በመቁረጫው መስመር ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፌና ቬኒሩን በስለት አስቀድሜ ሰንጥቄ ስቆርጥ ንጹሕ ጠርዝ ወጣ። የ45 ዲግሪ ፊት ሙጫ በፍጥነት ስለሚመጥ፣ መጀመሪያ በውኃ የቀጠነ ኮላ ቀብቼ 10 ደቂቃ ያህል ካቆየሁ በኋላ ነው ዋናውን ኮላ የቀባሁት።

ከማጣበቄ በፊት መስታወቶቹ የሚንሸራተቱባቸውን ቦዮች በራውተር (በቦይ መቅረጫ ማሽን) አወጣሁ። ከላይም ከታችም ሁለት ሁለት ቦይ፣ እያንዳንዱ 5 ስፋትና 8 ጥልቀት፣ በመካከላቸው የ4 ግድግዳ እንዲኖር አድርጌ ነበር። ሥራው ንጹሕ ስለነበር ረክቼ ሣጥኑን አጣበቅሁ።

ሳምንት 3፦ ሁለት ስሕተቶች በአንድ ቀን

መስታወት ከማዘዜ በፊት ባለ 4 ውፍረት ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ክር ተጨምቆ የተሠራ ገበታ) ቆርጬ የሙከራ በሮች ሠራሁ። ከጠቅላላው ሥራ በትክክል አስቀድሜ ያሰብኩት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ይመስለኛል፤ ያም ቢሆን ከማጣበቄ በፊት መሆን ነበረበት።

የመጀመሪያው ስሕተት የቦዮቹ ጥልቀት ነው። ተንሸራታች መስታወት የሚገባው መጀመሪያ ወደ ላይኛው ቦይ ተገፍቶ፣ ከዚያ ግርጌው የታችኛውን ጠርዝ አልፎ ወደ ታችኛው ቦይ በመውረድ ነው። ስለዚህ ለመግባት ቁመቱ ከ444 እና ከላይኛው ቦይ ጥልቀት ድምር ማነስ አለበት፤ ወርዶ ሲቆም ደግሞ አናቱ ከላይኛው ቦይ መውጣት የለበትም። ሁለቱም ቦዮች 8 ከሆኑ ለመግባት ከ452 ማነስ ሲኖርበት፣ ወርዶ እንዳይወድቅ ግን ከ452 መብለጥ ይኖርበታል። በሌላ አነጋገር የሚገባው በር ይወድቃል፣ የማይወድቀው በር አይገባም። በኤምዲኤፉ ሁለቱንም ሞከርኩ፤ ሒሳቡ አልተሳሳተም።

መፍትሔው የላይኛውን ቦይ ወደ 12 ማጥለቅና በታችኛው ቦይ ውስጥ ባለ 2 ውፍረት ቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ አስገብቶ ጥልቀቱን ወደ 6 ማውረድ ነበር። እንዲህ ሲሆን የመስታወቱ ቁመት 454 ይሆናል፤ ሲገባ የ2 ክፍተት ይተርፈዋል፣ ወርዶ ሲቆም ደግሞ 4 ያህሉ በላይኛው ቦይ ውስጥ ይቀራል። ይህን ከመጣበቁ በፊት ባደርገው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። በተጣበቀ ሣጥን ውስጥ ግን ራውተሩ ማዕዘኖቹ ጋ ስለማይደርስ የቀረውን ተገልብጬ በመሮ ቆፈርኩ፤ ሁለት ቀን ፈጀ። የላይኛው ገበታ በቦዮቹ ላይ የቀረው ውፍረት 6 ብቻ መሆኑ አሁንም ደስ አይለኝም።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይልቅ ያስተማረኝ ነው። የኤምዲኤፉ በር ወደ ጎን ግድግዳ ሲጠጋ ከታች ገጥሞ ከላይ ክፍት ሆነ። የክፍሉን ሁለት ሰያፎች ስለካ የ3 ልዩነት አገኘሁ። ወደ 1122 በሚጠጋ ሰያፍ ላይ 3 ትንሽ ነው፤ በ444 ቁመት ላይ ሲተረጎም ግን 1.6 ያህል ዘመመ ማለት ነው። በር በማጠፊያ ቢሰቀል ወይም ዙሪያው በጌጥ እንጨት ቢከበብ ይህን ማንም አያይም ነበር። የድሮ ሠሪዎች በበር ዙሪያ የሚያስገቡት የተቀረጸ ቀጭን እንጨት ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ክፍተት መሸፈኛም ነበር። ያን አውጥቶ የጣለ ንድፍ ክፍተቱን የመሸፈን ሥራ ለስኳድራ (ለማዕዘን መለኪያ) እና ለሠሪው እጅ አስተላልፎታል። መስታወት ደግሞ በራውተር አይስተካከልም፤ ቀጥ ያለ ጠርዙ ከጎኑ ያለውን እንጨት እንደ መለኪያ ሆኖ ያጋልጠዋል።

ደግነቱ ጀርባው ገና አልተዘጋም። ረጅሙን ሰያፍ በሞርሳ እየሳብኩ ልዩነቱ ወደ 0.5 ሲወርድ፣ ባለ 6 ውፍረት ኮምፔንሳቶ በኮላና በ32 ብሎኖች ከጀርባ አሰርኩበት። ሞርሳው ሲፈታ 0.7 ሆኖ ቀረ። ተቀብዬዋለሁ።

ሳምንት 4፦ እግሮቹ

የዕቃ ነዳፊው ማርሴል ብሮየር እ.ኤ.አ. በ1925 ጀርመን ውስጥ ደሳው ከተማ ሳለ ከብስክሌት መሪ ሐሳቡን ወስዶ የብረት ቱቦ ወንበር ከሠራ ወዲህ፣ የታጠፈ ቱቦ የዘመናዊ ዕቃ መታወቂያ ሆኗል። በሥዕል ሲታይ አንድ መስመር ነው፤ ለማጠፍ ሲሞከር ግን ቱቦው በውስጥ በኩል ይጨማደዳል፣ በውጭ በኩል ይሳሳል፣ መካከሉም ይደፈጠጣል።

25 ውፍረት ያለውን፣ ግድግዳው 1.5 የሆነውን ክብ ቱቦላሬ በ60 ራዲየስ ላጥፍ ስሞክር እንደ መጠጫ ቀሰም ተቀነጠሰ። ሁለተኛውን በደረቅ አሸዋ ሞልቼ፣ እየመታሁ አጠቅጥቄና ሁለቱንም ጫፎች በእንጨት ውታፍ ዘግቼ፣ ራዲየሱን ወደ 100 አሳድጌ አጠፍኩት፤ ሳይጨማደድ ወጣ። አሸዋው ደረቅ መሆን አለበት፤ በተለይ ቱቦውን በእሳት ለማለስለስ ለሚያስብ ሰው፣ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያለ እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ውታፉን እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል። እኔ በቀዝቃዛው ነው ያጠፍኩት። ክሮም ማስነከሩን ትቼ በፀረ ዝገትና በጥቁር ቀለም ጨረስኩት።

ሳምንት 5፦ በእጅ የተቆረጠ ሙከራ

የመጨረሻዎቹ በሮች ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የጠነከረ መስታወት፣ ይሆናሉ። በጉልበት ከፍታ ላይ ያለ በር ሊረገጥ ወይም ሊመታ ይችላል፤ ቴምፐርድ መስታወት ከተራው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይጠነክራል፣ ቢሰበርም እንደ ጩቤ ሳይሆን እንደ ጠጠር ነው የሚበተነው። ነገር ግን አንዴ በሙቀት ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፣ ጠርዙም አይሞረድም። ስለዚህ ውሳኔ ሁሉ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ለዚህ ሲባል ሁለት ተራ ባለ ሸንተረር መስታወቶች በእጄ ቆርጬ ሞከርኩ።

የሚጫረው በለስላሳው ገጽ ነው። መቁረጫውን ነጭ ጋዝ አስነክሬ በአንድ ጉዞ፣ ሳላቋርጥና ሳልመልስ ሄድኩ። አንዱን ጭረት ሁለት ጊዜ መሄድ የመቁረጫውን ጎማ ያበላሻል፣ ስብራቱንም ያባልገዋል። ከሸንተረሩ ጋር አብሮ የሄደው ጭረት በንጽሕና ተከፈለ፤ ሸንተረሩን አቋርጦ የሄደው ግን ሦስተኛው ሸንተረር ላይ ሲደርስ ወደ ጎን አፈነገጠ። ውፍረቱ በየሸንተረሩ ስለሚለዋወጥ ስንጥቁ ቀጭኑን መንገድ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ከጭረቱ ሥር የሲባጎ ገመድ ዘርግቼ በሁለቱም ወገን እኩል ስጫን ተሳካልኝ። አንድ መስታወት ሙሉ በሙሉ ባክኗል፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ግን አንድም ጊዜ አላወለቅሁም።

ሙከራው ሦስት ነገር አሳየኝ። አንደኛ፣ ውፍረቱ በስም 4 ቢሆንም በካሊፐር ስለካ በአንዳንድ ቦታ 4.4 ሆኖ ስላገኘሁት የ5 ቦይ አይተርፈውም። ሁለተኛ፣ ሸንተረሩ ወደ ውጭ ሲዞር ብርሃኑን የበለጠ ይይዛል፣ ግን አቧራም ይይዛል፤ የፊተኛው በር ሸንተረር ወደ ውስጥ ሲዞር ደግሞ ከኋለኛው ጋር ይቀራረባል። ሁለቱንም ሸንተረራቸውን ወደ ውስጥ አድርጌ ለስላሳውን ገጽ ለመጥረጊያ ጨርቅ ተውኩለት። ሦስተኛ፣ አንዱ በር በሌላው ላይ ሲንሸራተት ሁለቱ የሸንተረር ረድፎች ተደራርበው የሚንቀሳቀስ ሞገድ ይፈጥራሉ። ይህን ያቀደው ሰው የለም፤ ከቡፌው ሁሉ በጣም የወደድኩት ግን እሱን ነው።

ሳምንት 6፦ ትእዛዝ

ሁለቱ በሮች በ40 ይደራረባሉ፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ስፋት 1030 እና 40 ተደምሮ በ2 ሲካፈል 535 ነው። ቁመቱ 454 ነው። አንዱ 2.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የመስታወት ክብደት በካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ግራም ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። በእጀታ ፋንታ የ25 ክብ ቀዳዳ አዘዝኩ፤ ማዕከሉ ከውጭው ጠርዝ 45 ይርቃል። ወደ ፊት የሚወጣ እጀታ ቢኖረው የኋለኛው በር ከፊተኛው ጀርባ አያልፍም ነበር፤ ቀዳዳው ግን ያልፋል። ለቀኙም በር 512 በ440 የሆነ ለስላሳ ባለ 4 መስታወት፣ ጠርዙ የተወለወለ፣ አብሬ አዘዝኩ።

ሳምንት 7፦ የጀርባ ቀለም፣ የመጀመሪያ ሙከራ

በባውሃውስ፣ በጀርመኑ የዲዛይን ትምህርት ቤት፣ የመስታወት አውደ ጥናቱን ይመራ የነበረው ዮዜፍ አልበርስ እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 አካባቢ፣ አንዱ በሌላው ሥር የሚገቡ አራት ጠረጴዛዎች ነድፎ ነበር፤ የእያንዳንዳቸው ገጽ ከጀርባው በተለያየ ቀለም የተቀባ መስታወት ነው። ቀለሙ ከመስታወቱ ሥር ስላለ አይጫርም፣ ከጥልቀት የሚወጣም ይመስላል። የቀኙ በር ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው።

በቁራጭ መስታወት ላይ የቀባሁት ነጭ፣ በፊት ለፊት ሲታይ ፈዛዛ አረንጓዴ ሆነ። ተራ መስታወት ውስጥ ያለው ብረት ብርሃኑን ወደ አረንጓዴ ያደላዋል፤ ቀለሙ ከጀርባ ሲሆን ደግሞ ብርሃኑ በመስታወቱ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ስለሚወጣ ውጤቱ እጥፍ ነው። ብረቱ የተቀነሰበት መስታወት አለ፤ ዋጋው ግን ከበጀቴ ውጭ ስለሆነ ቀለሙን መለወጥ መረጥኩ። ነጩን ትቼ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቢጫ ያዝኩ፤ ጥቂት ቀይ ስጨምርበትም አረንጓዴው ጠፋ። ትክክለኛው ልክ የተገኘው በሰባተኛው ቁራጭ ላይ ነው።

ሦስት ቀን ቆይቶ ቀለሙ ከጠርዝ ጀምሮ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። መስታወት ቀዳዳ የሌለው ገጽ ስለሆነ ቀለም የሚይዝበት ነገር የለውም፤ የእኔው ደግሞ የጣት ቅባት ነበረበት።

ሳምንት 8፦ መስታወቶቹ ደረሱ

ለስላሳው ትክክል ነው። ሁለቱ ባለ ሸንተረሮች ልኬታቸው ልክ፣ ቀዳዳቸውም ልክ፤ ሸንተረሩ ግን አግድም ነው። የትእዛዝ ወረቀቴን አውጥቼ አየሁ። «535 በ454» ብዬ ጽፌ የሸንተረሩን አቅጣጫ የትም አልጠቀስኩም፤ ቆራጩም ለገበታው የሚመቸውን መርጧል። ጥፋቱ የእኔ ነው። በ90 ዲግሪ እንዳላዞራቸው ካሬ አይደሉም፣ እንዳልቆርጣቸው ቴምፐርድ ናቸው።

ገጥሜ አየሁዋቸው። ረጅምና ዝቅ ባለ ሣጥን ላይ አግድም መስመር ሲጨመር ቡፌው መሬት ላይ የተኛ ይመስላል፤ በበሮቹ መደራረቢያ ላይም ሞገዱ የለም፣ ምክንያቱም በሮቹ የሚንሸራተቱት ከሸንተረሩ ጋር በአንድ አቅጣጫ ነው። እንደገና አዘዝኩ፤ በዚህኛው ወረቀት ላይ ሥዕል ሥዬ፣ መስመሮቹን አስምሬ፣ ቀስት አድርጌ «ወደ ላይ» ብዬ ጻፍኩ። የእንጨቱን፣ የብረቱንና የቀለሙን ወጪ ደምሬ ሳየው የመስታወቱ ወጪ ብቻውን በልጦታል።

ሳምንት 9፦ የጀርባ ቀለም፣ ሁለተኛ ሙከራ

መስታወቱን በሳሙና ካጠብኩ በኋላ በአይሶፕሮፒል አልኮል ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱን በአዲስ ጨርቅ፣ ጠረግሁት። ከዚያ ለመስታወት የተዘጋጀውን ማያያዣ ፈሳሽ በስሱ ቀብቼ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቀለም በመርጫ ነፋሁ። በብሩሽ አይሆንም፤ በተራ ቅብ ሥራ የመጨረሻው ሽፋን ነው ፊት የሚሆነው፣ ከጀርባ በሚቀባ መስታወት ግን ፊት የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። የብሩሹ ፈለግም ሆነ በመጀመሪያው ሽፋን ሥር ያረፈች አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለዘለዓለም እዚያው ትቀራለች፤ በብርጭቆ ወረቀት የሚስተካከል ነገር የለም። ወለሉን አርጥቤ፣ አየሩ እስኪረጋ አንድ ሰዓት ጠብቄ ሦስት ስስ ሽፋን ሰጠሁት። አንዲት ቅንጣት በታችኛው ቀኝ ማዕዘን አለች። ለእንግዳ አላሳይም።

ሳምንት 10፦ ማጣበቅ

የበሩ ጀርባ ባለ 12 ኮምፔንሳቶ ነው፤ 2 የሲሊኮን ውፍረትና 4 መስታወት ሲጨመር ከሣጥኑ ጠርዝ ጋር እኩል 18 ይሆናል። የሆምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን ቀለሙን ሊጎዳ ስለሚችል ገለልተኛውን ተጠቀምኩ።

የመጀመሪያው ግጠማ ላይ ሲሊኮኑን በአምስት ቦታ ጠብ ጠብ አድርጌ መካከሉን በእጄ ስጫን፣ በመስታወቱ ላይ ያለው የመስኮት ነጸብራቅ ጎበጠ። አላስቴር ፒልኪንግተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ይፋ ባደረጉት ዘዴ፣ ማለትም በቀለጠ የቆርቆሮ ማዕድን ላይ በማንሳፈፍ፣ የሚሠራ መስታወት እጅግ ጠፍጣፋ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ሲታጠፍ ነጸብራቁ ወዲያው ያሳብቃል። ሲሊኮኑ ሳይደርቅ አላቅቄ፣ ዙሪያውንና መካከሉን ባለ 2 ውፍረት የአረፋ ፕላስተር አድርጌ፣ ሲሊኮኑን በቀጥታ መስመሮች ዘርግቼ ያለ ጫና አሳረፍኩት። ጠቅላላው በር 4 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ረጅም ማጠፊያ አስገባሁለት።

ሳምንት 11፦ ግጠማ

አዲሶቹ ባለ ሸንተረሮች ቁመታቸው 454፣ ሸንተረራቸው ቁም ነው። አልገቡም። ሣጥኑን ስቀባ ቦዮቹንም በቫርኒሽ ቀብቼ ስለነበር በአንዳንድ ቦታ 5 የነበረው 4.5 ሆኗል። ብርጭቆ ወረቀት በቀጭን ላሜራ ላይ ጠቅልዬ ቦዩን ዳር እስከ ዳር ፋቅሁት፤ ከዚያ ሻማ አሸሁበት። አሁን በአንድ ጣት ይሄዳሉ። ከሁለቱ ተንሸራታች በሮች በቀኝ ያለው ከግድግዳው ጋር ሲገጥም ከላይ የ0.4 ክፍተት አለው፤ የት እንደሆነ ስለማውቅ ይታየኛል።

አግድም ሸንተረር ያላቸው ሁለቱ መስታወቶች በጨርቅ ተጠቅልለው ግድግዳ ተደግፈዋል። ለውስጥ መደርደሪያ እንዳላደርጋቸው 454 ከሣጥኑ የውስጥ ጥልቀት ይበልጣል። ዙሪያቸውን የሚደግፍ የእንጨት ፍሬም ሠርቼ የሁለት አነስተኛ ጠረጴዛዎች ገጽ ላደርጋቸው ለካሁ፤ ከጀርባ የተረፈኝን ቢጫ ብቀባቸው ቀለሙ በሸንተረሩ ላይ ምን እንደሚመስል በሳምንት 5 ቁራጮች ላይ እየሞከርኩ ነው። የ25 ቀዳዳዎቹ ግን እዚያው ናቸው፤ እስካሁን የተሻለ ሐሳብ ስላላገኘሁ አንዱ የመብራት ገመድ ያሳልፋል ብዬ ትቼዋለሁ፣ የሁለተኛው ገና ነው።